የተቆረጠው ዘፈን

ሙሉሐረግ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ሙሽራዋ ምህረት የለበሰችውን የሰርግ ቀሚስ ወገብ ስታጠብብ፣ አዩብ በልብስ ስፌት ቤቷ በር ብቅ አለ። ኪቦርዱን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አዝሎታል።

"አሰላሙ አለይኩም። እሁድ ለምህረት ሰርግ እንጫወታለን። ሁዜይፋም ከበሮውን ይዞ ከአቀስታ እየመጣ ነው፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

ሙሉሐረግ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። "አልዘፍንም አልኩህ እኮ። ድምፄ ሪያድ ቀርቷል።"

ቀልዷን አልነበረም። አምስት ዓመት እዚያ በሰው ቤት እየሠራች በሹክሹክታ ስትኖር ድምፅዋ ሻክሮ ወርዷል። ከተመለሰች ወዲህ ብቻዋን ስትሆን ሞክራዋለች፤ ላይኛው ዜማ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል። የድሮውን ድምፅ የሚያስታውስ ሰው ፊት መቆም ከሁሉ በላይ ያስፈራታል።

ድሮ ሦስቱ የሚጫወቱት ከመካነ ሰላም ዳር ባለ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ከቤተሰብ ተደብቀው ነበር። መደበቅ ከተባለ ነው እንግዲህ፤ የሁዜይፋ ከበሮ የናፍጣ በርሜል፣ ጨፋሪው መቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አንድ ቀን የአዩብ አባትና የሙሉሐረግ አባት ልጆቻቸውን ሊይዙ በየፊናቸው መጥተው በሩ ላይ ተገጣጠሙና፣ ተፋፍረው ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ።

የሚጫወቱት ሁሉ የሰው ዘፈን ነው። ያጠኑት ከአንዲት ሚሞሪ ካርድ ነበር፤ ካርዷ ደግሞ ተበላሽታ ዘፈኑን ሁሉ ከመሃል ትቆርጠዋለች። እነሱም የጎደለውን ያለ ምንም እፍረት ከራሳቸው ይሞሉት ነበር።

"ከደሴ ዲጄ ይምጣ ብለውኝ ነበር" አለች ምህረት፣ እጆቿን እንደዘረጋች። "ግን በአክስቴ ልጅ ሰርግ አንዱን ዘፈን በዋናው ዘፋኝ ድምፅ ሲከፍት ሰው 'ተሳስቷል፣ አጥፋው' ብሎ ጮኸበት።"

"የቱን ዘፈን?" አለች ሙሉሐረግ።

ምህረት አንገቷን ሰበር አድርጋ አዜመች።

"ደሴን ብትሻገር፣ ባሕር ብትሻገር፣
መመለሻህ እኔ፣ መጨረሻህ አገር።"

የሙሉሐረግ እጅ ቀሚሱ ላይ ቀረ። ይህን ስንኝ ካርዷ የቆረጠችበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ጨንቋት ያመጣችው ራሷ ናት።

"ይኼን ከማን ሰማሽው?"

"ከሁሉም። እናቴም ዕቃ ስታጥብ ትለዋለች። ዘፋኙ የረሳው ነው የሚመስላት።"

"ወላሂ፣ ሰውየውን አርመነዋል" አለ አዩብ።

ሙሉሐረግ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። እሷ ዝም ባለችበት አምስት ዓመት ሙሉ በሰው አፍ ስትዘፍን ኖራለች። ደስ አላት፤ ፈራችም። የመጨረሻዋን ስፒል ቀሚሱ ላይ ሰካችና ወደ አዩብ ዞረች።

"እንግዲያው ከድሮው ዝቅ አድርገህ ጀምርልኝ" አለችው። "ላይኛው አይወጣልኝም።"