ሰላጣውን የፈጀው ውርጭ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ተጨምራበት ከተገኘች የተናጋሪው ምላስ ይቆረጥ።

ጎረቤት ሁሉ «ጄኔራል» የሚለው ሰው ጦር ሜዳ ረግጦ አያውቅም፤ ግን ጄኔራል የሚባሉት ሁሉ ተሰብስበው የማይችሉትን ጠላት፣ ውርጭን፣ ብቻውን ገጥሟል። ያን ዕለት አልጋ ላይ ከዋሉት አባቱ ፊት ቆሟል። የታናሽ እህቱ ሰላጣ በሙሉ ጠፍቶ፣ አባትየው ጓሮውን ይተዉላት ወይስ ይቀሟት ሊወስኑ ነው።

«አባዬ፣ እኔ ነግሬያታለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የመጨረሻው ውርጭ ሳያልፍ ችግኝ አይተከልም ብያታለሁ። እሷ መቼ ሰው ትሰማለች?»

«ሰላጣ እኮ ትንሽ ብርድ ይችላል» አለች እህቱ። «ደግሞ ላስቲክ አልብሼው ነበር።»

«ላስቲክ አለች። የወረደው ውርጭ እንዳይመስልሽ፣ ሰማዩ ራሱ ነው ቀዝቅዞ የወደቀው። የባልዲው ውሃ ድንጋይ ሆኗል። የጎረቤት ድመት አጥር ላይ እንደቆመች ደርቃ ቀርታለች። እኔ በባዶ እጄ በረዶውን ስጠርግ ጣቶቼ ሊረግፉ ምንም አልቀራቸውም። አንቺ የት ነበርሽ? ከተማ።»

«ድመቷን ዛሬ ጠዋት አይቻታለሁ።»

«እሷ ሌላ ናት።»

አባትየው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። «ልጄ፣ አትቸኩዪ ብዬሽ ነበር። ከእንግዲህ ጓሮውን ወንድምሽ ይያዘው።»

እህት የጓሮውን በር ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው። ስንት ክረምትና በጋ ያጎነበሰችበት መሬት ነው። ጄኔራሉ ቁልፉን ሲያነሳ ቁመቱ ጣሪያውን የነካ መሰለው።

ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የአማቷን ፎጣ ታጥፍ ነበር። ቀና ሳትል፣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረች።

«አባባ፣ ያን ቀን ውርጭ አልነበረም። ፀሐዩ የጉድ ነበር። እሷ ስትሄድ፣ ፀሐይ ሲወጣ ላስቲኩን ግለጡልኝ ብላ አደራ ሰጥታናለች። እሱ ‹እኔ አለሁ፣ አንቺ ሥራሽ ሂጂ› ብሎኝ ካርታ ሊጫወት ወጣ። ከሥራ ተመልሼ ስገልጠው ቅጠሉ ተቀቅሎ፣ እጄን አቃጠለኝ።»