ሁሪያ የገጠመችው ብስክሌት

አብዱልሀኪም በመተማ ዮሐንስ ስሙ የሚጠራ የሰሊጥ ነጋዴ ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ከንግዱ ይልቅ ጉልበቱ ነው። ጆንያ ከመኪና ሲራገፍ ቆሞ ማየት አይሆንለትም፤ የጀለቢያውን ጫፍ ሰብስቦ ወገቡ ላይ ይሸጉጥና ከጫኝና አውራጆቹ እኩል ይሸከማል። ወዛደሮቹ «ግመሉ መጣ!» ይሉታል። እሱም ፊቱን ኮስተር ያደርጋል እንጂ ሆዱ ደስ ይለዋል። ሚስቱ ሁሪያም በመስኮት እያየች፣ ለማንም ሳትናገር፣ በባሏ ትከሻ ስትኮራ ኖራለች።

ድርቁ አልፎ ሰሊጡ ደህና በያዘበት ዓመት ግን ያ ትከሻ ከዳው። ከኮኪት የመጣ ጭነት ሲያራግፉ አንድ ጆንያ አነሳ፤ ጥቂት ተራመደና በጉልበቱ ተንበረከከ። ፊቱ አመድ መሰለ። በኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና አስተኝተው ጎንደር ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሙ ልቡ እንደ ደከመ ነገረው። «መድኃኒቱን አያቋርጡ። ከአልጋ ከዋሉ ልብዎ ይብስበታል፤ ከተጣደፉም ይገድልዎታል። በጥቂት በጥቂቱ ነው ማለማመድ» አለው።

መተማ ሲመለስ በመራመድ ልጀምር ብሎ ጠዋት ወደ ገበያው ወጣ። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። አንዱ «አይዞህ» ይለዋል፣ ሌላው በርጩማ ያወጣለታል፣ ሦስተኛው ክንዱን ይይዘዋል። ትናንት «ግመሉ» ያለው ወዛደር ዛሬ ከንፈሩን መጠጠለት። አብዱልሀኪም ከዚያ ቀን ወዲያ ከግቢው አልወጣም። ጠፍር አልጋው ላይ ተንጋሎ ጣሪያ ማየት ሆነ ሥራው።

ሁሪያ ጨነቃት። ገዳሪፍ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ለሙሐመድጣሂር በመንገደኛ መልእክት ላከች፦ «ወንድምህ አልጋ ላይ ሊያልቅ ነው። ሰው ሳያየው የሚንቀሳቀስበት ነገር ካለ ፈልግ።»

መልሱ ሲመጣ በሁለት አህያ ተጭኖ ነበር። እርዳታ ሲያከፋፍል ቆይቶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ቤቱ ውስጥ ይነዳው የነበረ ብስክሌት ነው፤ ለጉዞ እንዲመች ተፈታቶ በጆንያ ታስሯል። አህያ ነጂው ሲያወርደው፣ «ብስክሌት ነው አሉ፤ ግን አይሄድም» አለ።

«ተበላሽቶ ነው?» አለች ሁሪያ።

«የለም፣ ደህና ሆኖም አይሄድም። ቆሞ ነው የሚነዳው።»

አብዱልሀኪም ከአልጋው ቀና ብሎ ብረቱን አየና ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «መድኃኒት ላክ ቢባል ውራጅ ብረት ላከ! ለቀጥቃጭ ስጪው።»

ሁሪያ ግን ጆንያውን ስትፈታ ልቧ ሌላ ቦታ ሄዷል። እሷ የሸሕዲ ልጅ ናት። አባቷ ወፍጮ የሚያቆሙ፣ የተሰበረ ሞተር የሚያስነሡ ሰው ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው መፍቻ የምታቀብላቸው፣ ጠባብ ቦታ እጇን አስገብታ ብሎን የምታጠብቅላቸው እሷ ነበረች። ከተዳረች ወዲህ ግን መፍቻ ይዛ አታውቅም። የነጋዴ ሚስት እጅ ሂና እንጂ ግራሶ አይነካውም ተብሏል። አሁን ብረቱን ስታሸት የአባቷ ወፍጮ ቤት ሸተታት።

ግቢው ውስጥ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ሰሌን አነጠፈችና ቁርጥራጩን ደረደረችው። ከወፍጮ ቤት መፍቻና ካቻቢቴ አስላከች። ጎረቤቷ ረቢዓ በአጥር አሻግራ አይታ፣ «አንቺ ሁሪያ፣ ወንድ ጥሪ እንጂ! ይሄ የሴት ሥራ ነው?» አለቻት።

«ወንዱም ቢመጣ ብሎኑ ያው ነው» አለች ሁሪያ፣ ቀና ሳትል።

የብስክሌቱን እግሮች ከወገቡ ጋር አሰረች። ከባዱን የብረት ጎማ ቦታው አስገባች፤ ካቴናውን ግራሶ ቀብታ አለበሰች፤ በጣቷ ስትጫነው ትንሽ እስኪረግብላት አስተካከለችው። ቀኙ ፔዳል እሺ ብሎ ገባ። ግራው ግን እምቢ አለ። ብታዞረው፣ ብታዞረው ይወጣል እንጂ አይነክስም። ረቢዓ፣ «በይ፣ ጥርሱ አልቋል፤ ተይው» አለች። ሁሪያ ላቧን በክርኗ ጠርጋ አሰበች። የአባቷ ወፍጮ ላይ በግራ የሚዞር አንድ ዳዶ ነበር፤ አባቷ «ይህን ማሽኑ ራሱ እንዳይፈታው ብለው ነው በግራ የሠሩት» ይሏት ነበር። ፔዳሉን በተቃራኒው አዞረችው። ገባ። እስከ መጨረሻው ገባ። ረቢዓ አፏን ያዘች፤ የሁሪያ ደረት ሰፋ።

ብስክሌቱ መቆሙን አብዱልሀኪም ሲያይ ከአልጋው ተነሥቶ መጣ። ምሳውን ገና መብላቱ ነው፤ ፀሐዩም የመተማ ፀሐይ ነው።

«አንቺ ነሽ የገጠምሽው?»

«ታዲያ ሌላ ማን መጣ? ግን ገና ነው። መሬቱ አልተደለደለም፣ ብስክሌቱ ይወዛወዛል፤ ክሊኒክ ያለችው ስመኝም መጥታ ትየው።»

«ቆሞ ለሚቀር ብስክሌት ደግሞ የሐኪም ፈቃድ ይጠየቃል?» ብሎ በጀለቢያው ወጣበት። በአጥሩ ላይ ራሶች በዙ። አንዱ «ግመሉ!» ብሎ ጮኸ። ያቺን ቃል ሲሰማ አብዱልሀኪም በሽታውን ረሳ። በሙሉ ጉልበቱ ረገጠ። ጎማው አጓራ። ሰው አጨበጨበ። ሁሪያ «ቀስ በል! ኧረ ቀስ!» ትላለች፣ የሚሰማት የለም። ያን ጊዜ የጀለቢያው ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገባ፤ ጎተተው፤ ባልተደለደለ መሬት ላይ የቆመው ብስክሌት ተንገዳገደና ከነሰውየው በጎኑ ወደቀ።

አብዱልሀኪም አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ አልመጣለትም። ሁሪያ መቀስ አምጥታ ጀለቢያውን ቆረጠች፣ ግድግዳውን አስደግፋ አስቀመጠችው፣ ረቢዓን ወደ ክሊኒክ አስሮጠች።

ስመኝ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ጤና ረዳት ናት፤ ወጣት ናት፣ ስትናገር ግን ሽማግሌም ይሰማታል። ደረቱን አዳመጠች፣ የእጁን ትርታ ያዘች፣ እስኪረጋ አጠገቡ ተቀመጠች። አብዱልሀኪም ድምፁ ሲመለስለት መጀመሪያ ያለው፣ «ይህን ብረት ከቤቴ አውጡልኝ» ነው።

ሁሪያ ዞር ብላ አለቀሰች። በገዛ እጇ ባሏን ልትገድለው እንደነበር ተሰማት። ስመኝ ተነሥታ ብስክሌቱን ቀና አደረገች፤ ፔዳሉን በእጇ አዞረች፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካች።

«ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሁሪያ፣ እንደ ጥፋተኛ።

«እትዬ ሁሪያ፣ ወድቆ እንኳ አንዲት ብሎን አልላላችም። ጋሽ አብዱልሀኪም ያላለቀ ሥራ ላይ ነው የወጡት። ሥራውን ይጨርሱት። እኔ ደግሞ እሳቸውን ጎንደር እልካቸዋለሁ፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ዳግመኛ አይወጡም።»

ጎንደር ሲደርስ ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ፣ «ቀስ ብሎ ከሆነ ይንዳ፤ ሰው ግን ከአጠገቡ አይለይ» አለ።

አብዱልሀኪም ጎንደር በሰነበተበት ጊዜ ሁሪያ አልተቀመጠችም። የራኩባውን መሬት ቆፍራ ጠጠር አፈሰሰች፣ ውኃ እያርከፈከፈች ደቀደቀችው፣ በላዩ ወፍራም ጣውላ አጋደመች። ብስክሌቱን አቁማ በትከሻዋ ገፋችው፤ ነቅነቅ አላለም። ካቴናው ልብስ እንዳይስብ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ጠርዙን አጥፋ፣ ልባስ ሠራችለት። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሱሪ አሰፋችለት፤ እግሩ ላይ ጠበብ ያለ።

ሲመለስ ስመኝም መጣች። መጀመሪያ ኮርቻውን ለካች። እግሩ ከታች ሲደርስ ጉልበቱ ጥቂት እጥፍ እንዲል ሁሪያ ዝቅ አደረገችው። ረገጣው እንዲከብድ ጎማውን የሚይዘውን ቀበቶ ጨርሳ አላላችው።

«ይሄማ ነፋስ መርገጥ ነው!» አለ አብዱልሀኪም።

«አዎ፣ በነፋስ ነው የሚጀመረው» አለች ስመኝ። «ጠዋት ሳይሞቅ፣ ሆድዎ ሳይሞላ። ውኃ አጠገብዎ ይሁን። ደረትዎን ከያዘዎት፣ ራስዎን ካዞረዎት፣ ወዲያው ማቆም ነው፤ እኔንም መጥራት። ሲጨርሱም ዘልለው አይውረዱ፤ እያቀዘቀዙ ነው። ሌላው፣ ሲነዱ ከእትዬ ሁሪያ ጋር ያውሩ።»

«ምን?»

«ያውሩ። ወሬዎ ሳይቆራረጥ ከሄደ ልክዎ ነው። ትንፋሽ አጥሮዎት ወሬው ከተቆረጠ በዝቷል ማለት ነው።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አብዱልሀኪም ሱሪውን ለብሶ ኮርቻው ላይ ወጣ። ሁሪያ በርጩማ ስባ ፊቱ ተቀመጠች። ፔዳሉ ዞረ። ወሬው ግን ከየት ይምጣ? በትዳር ይህን ያህል ዘመን ኖረው፣ እሱ ሱቅ እሷ ጓዳ፣ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ማን አየ!

«የሰሊጥ ዋጋ ዘንድሮ...» ብሎ ጀመረ።

«እሱን ለነጋዴ ንገር።»

ጥቂት ረገጠ። ከዚያ ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሎ፣ «መጀመሪያ ያየሁሽ ሸሕዲ ነው» አለ።

«አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ስትልክ ነዋ።»

«የለም፣ ከዚያ በፊት። እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ቆሜ። ከሞተሩ ሥር ወጣሽ፣ ጉንጭሽ ላይ ግራሶ ነበረ። ወላሂ፣ እኔ የእህሉን ወረፋ ረሳሁት።»

ሁሪያ ሳቋ አመለጣት። ይህን ሁሉ ዓመት ያገባት ለእናቷ ሙያ፣ ለአባቷ ስም ይመስላት ነበር። «ታዲያ ስታገባኝ መፍቻውን ለምን አስጣልከኝ?» አለችው።

አብዱልሀኪም አቀረቀረ። ፔዳሉ ፈጠነ። ሁሪያ አየችና፣ «ወሬህ ተቆረጠ!» አለች። አቀዘቀዘ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና፣ «ሞኝ ስለነበርሁ ነው» አላት።

እንዲህ ሆነ ጠዋታቸው። ክረምቱ ዝናቡን ይዞ መጣ፤ ራኩባው ሥር ጎማው ይሽከረከራል፣ ወሬውም ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ጉልበቱን ማሳየት ያምረዋል፤ ያን ጊዜ ሁሪያ «ወሬህ!» ትላለች፣ ግመሉም ይሰማል። የላላው ቀበቶ ትንሽ ጠበቅ የሚለው ስመኝ ትርታውን አዳምጣ እሺ ስትል ብቻ ነው።

ከተማው ግን ያወራል። የብረቱ ድምፅ ያልታወቀ ነገር ሆኖበት አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገሰሰ መጣ። ብስክሌቱን ዞሮ አየው፤ ቆርቆሮውን ነካው።

«ይህ ነገር የት ያደርሳል?» አለ።

«እስከ ዛሬ ከአልጋዬ እስከዚህ አድርሶኛል» አለ አብዱልሀኪም፣ መርገጡን ሳያቆም።

ገሰሰ ሳይፈልግ ሳቀ። «በዚህ የነዳጅ እጥረት ጊዜ ደህና መኪና ነው» ብሎ ሄደ። ወሬውም ከዚያ ወዲያ በረደ።

የዐረፋ ቀን ደረሰ። ሶላቱ የሚሰገደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ነው። የአህያ ጋሪ ይዘው መጥተውለት ነበር፤ አብዱልሀኪም ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በእግሩ ሄደ። አልፈጠነም። አብረውት ከሚሄዱት ጋር እያወራ፣ ወሬው ሲያጥርበት ረገብ እያለ ደረሰ፤ ሰግዶም በእግሩ ተመለሰ። ሁሪያ ከሴቶቹ መካከል ሆና ትከሻውን አየች፤ እንደ ድሮው ቀጥ ብሏል።

ሰዎች በሩ ላይ ከበቡት። «የትኛው ሐኪም ነው ያዳነህ? ካርቱም ነው?» አሉት።

«አላህ ነው ያዳነኝ፣ ሐኪሞቹም ረድተውኛል» አለ፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወንዶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ያን ብረት ገጥማ ያቆመችው፣ አፌን እያስከፈተች በልክ ያስነዳችኝ ግን ሁሪያ ናት። የሸሕዲው የወፍጮ ባለሙያ ልጅ» አላቸው።

ሁሪያ ከከበቡት ሰዎች ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ያን ቀን አልገባችም። ቀና ብላ ቆመች፣ ያዩዋትንም አየቻቸው።

ሰብሉ ሲታጨድ ስመኝ አንድ ሰው ይዛ መጣች። ገብረማርያም ይባላሉ፤ አስተማሪ ናቸው፣ እሳቸውም ልባቸው ደክሞ ሐኪም ተንቀሳቀሱ ብሏቸዋል። ብስክሌቱን ሲያዩ አመነቱ።

«እኔ እንኳ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም» አሉ።

«ይሄኛው አይጥልም፤ መሬቱን እኔ ነኝ የደቀደቅሁት» አለች ሁሪያ። መፍቻዋን ከግድግዳው አውርዳ ኮርቻውን ለእሳቸው ቁመት ዝቅ አደረገች፣ ቀበቶውን ጨርሳ አላላች፣ ጣውላውን በእግሯ ረግጣ አየች። አብዱልሀኪም በርጩማ አምጥቶ ፊት ለፊታቸው አስቀመጠላት።

«ነጠላዎን ለእሱ ይስጡት» አለቻቸው። «እጀታውን ይያዙ። አሁን ቀስ ብለው ይርገጡና የተወለዱበትን አገር ያውሩኝ።»