በባቡር የተሰጠች አደራ

4.

የልጅቷ ከንፈር አበጠ።

(ከአራት ለምን ጀመርክ የሚለኝ አይጠፋም። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ቬኒስ ላይ የተነሷቸው ፎቶዎች ናቸው፤ ጀልባ፣ እርግብ፣ አይስክሬም። እነሱን ፌስቡካቸው ላይ እዩ። እኔ ሥራ አለብኝ።)

5.

እሺ፣ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ሰው ግራ አይጋባብኝ።

ትርሲት፣ ባሏ ይልቃልና እንግሊዝኛ የሚቀናት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ማዕዶት ለይልቃል እህት ሠርግ ቪየና እየሄዱ ነው። በቬኒስ ዞረው የመጡት ማዕዶት ለምና ለምና ነው። ባቡሩ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ ከልጇ ጋር ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ልጅቷ ሊና ትባላለች፤ ቢበዛ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ይልቃል አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ሴትዮዋ ቡና ልትገዛ ብድግ አለች። ወደ ልጇ ጠቆመች፤ ወደ ራሷ ዓይን ጠቆመች፤ ከዚያ ሁለት መዳፏን ገጥማ ትርሲትን ለመነቻት። ለዚህ ደግሞ አስተርጓሚ አያሻም።

«ሂጂ እቴ! የኔም ልጅ አይደለች እንዴ!» አለቻት ትርሲት በአማርኛ፣ ደረቷን መታ መታ አድርጋ።

ትርሲት አደራ ተቀበለች። ሴትዮዋ ምን እንደሰጠች እንጃላት።

6. ግልባጭ

ማዕዶት፦ (ቆሎ እየቆረጠመች) እማ፣ እያየችኝ ነው።

ትርሲት፦ ታዲያ አትሰጫትም?

ማዕዶት፦ ሚስ ምግብ እንዳትቀባበሉ ብላለች።

ትርሲት፦ ሚስሽ እዚህ የለችም። የልጅቷ ዓይን ቆሎው ላይ ቀረ እኮ! አታፍሪም?

ማዕዶት፦ እናቷ ትምጣና እንጠይቃት።

ትርሲት፦ ለቆሎ ደግሞ ፈቃድ! ወይ ጉድ! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? ወዲህ አምጪው።

(ከዚህ በኋላ ትርሲት ገብሱን ትታ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒውን ለቀመች። ለእንግዳ ምርጥ ምርጡ ነዋ! በእጇ አጎረሰቻት። ሊና ሳቀች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛም ተጨመረ።)

7.

ኦቾሎኒ።

8.

መጀመሪያ ሊናን ሳል ያዛት። ትርሲት ትን ያላት መስሏት ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ውሃ ሰጠቻት። ውሃው አልወርድ አላት። አንገቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ዓይኗ አብጦ ጠበበ፤ ትንፋሿ ሲር ሲር ማለት ጀመረ።

«ይልቃል! ኧረ ይልቃል ተነስ! ልጅቷ ምን ሆነችብኝ!»

ትርሲት ክው አለች። በምች የታመመ አይታለች፤ በብርድ የታመመ አይታለች፤ በሰው ዓይን ተበላ የተባለም አይታለች። በኦቾሎኒ የሚታፈን ሰው ግን ሰምታም አታውቅ። እሷ ያደገችበት ሰፈር ልጅ የሚሞተው ሲያጣ ነው። ስለዚህ ቆሎው እጇ ላይ እያለ፣ ጥፋቱን ፍለጋ ዓይኗ ሌላ ሌላ ቦታ ይዞር ነበር፤ መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ ውሃውን።

9. አንተ ደግሞ፣ አንባቢው

ትንፋሽህን ያዝ።

 

ያዝ።

 

አትልቀቀው፤ እሷንም አልለቀቃትም።

 

 

በል፣ አሁን ተንፍስ። አንተ ትችላለህ።

10.

ሴትዮዋ መጣች። ልጇን አየች፤ ቆሎውን አየች፤ ቡናው ከእጇ ወደቀ። ጮኸች፤ ግን ለማንም አልነበረም። ቦርሳዋን መሬት ላይ ገለበጠችና ወፍራም እስክርቢቶ የመሰለ ነገር* አነሳች። ክዳኑን በጥርሷ ነቀለች። እጇን ወደ ልጇ ጭን ሰነዘረች።

ትርሲት ደግሞ እጇን

ያዘቻት።

አጥብቃ፣ በሁለት እጅ። «ኧረ በማርያም! ኧረ ልጅቷን ልትወጋት ነው! ይልቃል፣ አብዳለች!»

ሁለቱ እናቶች ታገሉ። ሊና ሰማያዊ እየሆነች ነበር። ይልቃል ሚስቱን ከወገቧ ጎትቶ አላቀቃት፤ ሴትዮዋ ልጇን ወጋቻት።

* መድኃኒት ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማውን ሰው ከሞት አፍ የሚመልስ። ትርሲት ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ለናንተም ዘግይቼ የነገርኳችሁ አብራችኋት እንድትደነግጡ ነው። ከከፋችሁም ይክፋችሁ።

11.

ባቡሩ ስሟን ማንበብ ባልቻሉት ትንሽ ጣቢያ ቆመ። የሕክምና ሰዎች ሊናን በአልጋ አወረዷት። እናቷ ዞር ብላም አላየቻቸው።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አላት ይልቃል። «ከወረድን ያስሩናል። ሠርጉ ነገ ነው።»

«አደራዬን አፍኜ ሠርግ ልጨፍር?»

«ትርሲት፣ እዚህ አገር ቤት አይደለም። ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ።»

«አንተ ትሙት እወርዳለሁ!»

ወረደች። ማዕዶት ተከተለቻት። ይልቃል ሻንጣውን እየጎተተ፣ ዕድሉን እየረገመ ወረደ።

12.

ሊና የተወሰደችበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ፖሊስ መጥቶ ይልቃልን ከነፓስፖርቱ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደው። ትርሲት ከተዘጋው በር ፊት ለፊት ቁጭ አለች። ስለት ልትሳል ፈለገችና ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። ልጅቷ ብትሞት ገዳይዋ እሷ ናት። በዱላ አይደለም፤ በጉርሻ። እንዲህ ተብሎ ለሰው ይወራል?

ማዕዶት «ብዬሽ ነበር» አላለቻትም። ብትላት ይሻላት ነበር።

በሩ ተከፈተ። ትርሲት ሴትዮዋን ስታይ ዘላ እግሯ ላይ ወደቀች። ሴትዮዋ ደንግጣ ወደኋላ ሸሸች።

13. ግልባጭ

ሴትዮዋ፦ (በእንግሊዝኛ)

ማዕዶት፦ ተርፋለች። ዛሬ እዚሁ ታድራለች፤ ግን ተርፋለች ትላለች።

ትርሲት፦ እልልል! (አፏን በእጇ አፈነች)

ሴትዮዋ፦ (በእንግሊዝኛ)

ማዕዶት፦ ለምን እጄን ያዘችኝ ትላለች።

ትርሲት፦ የምትገያት መስሎኝ ነው በያት።

ማዕዶት፦ እማ… እንዲህ ልበላት?

ትርሲት፦ በያት። ካንቺ ላስጥላት ብዬ ነው በያት። እውነቱ እሱ ነው።

(ማዕዶት ነገረቻት። ሴትዮዋ ትርሲትን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን ወደ ትርሲት ፊት አስጠግታ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ ቀስ ብላ ተናገረች። ረጅም ነበር። ጨርሳ ገባች። በሩ ተዘጋ።)

ትርሲት፦ ምን አለች?

ማዕዶት፦

ትርሲት፦ ማዕዶት! ምን አለችኝ?

ማዕዶት፦ አመሰግናለሁ ብላለች።

14.

የትርሲት እንግሊዝኛ ከሱቅ አያልፍም። «ታንኪው»ን ግን ታውቃታለች፤ አውሮፕላን ላይ ከተሳፈሩ ጀምሮ ስትሰማትም ስትላትም ሰንብታለች። ሴትዮዋ በተናገረችው ውስጥ አልነበረችም።

«ይሄን ሁሉ ተናግራ?»

«አዎ፣ እማ።»

ማዕዶት መሬት መሬቱን እያየች ነው። ትርሲት ልጇ ስትዋሽ ታውቃለች። እንዲህ ተጠንቅቃ፣ እንዲህ ለእናቷ አዝና ስትዋሽ ግን አይታ አታውቅም። ደግማ ልትጠይቃት አፏን ከፈተችና ፈራች።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለቻት። «እግዜር ይስጥልኝ አትያትም ነበር?»

15.

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። አልጽፈውም። ልጅ ያላችሁ ሙሉት።

ሴትዮዋ ያለችው፦

«

 

 

 

»