ሳይጠየቅ የሚጠጣ ውሃ

ያን ቀን ሙኒያን ያናደዳት ስድብ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ስድብማ የለመደችው ነው። ሎጊያ ላይ፣ የጅቡቲ መኪና ሲወጣ ሲወርድ በሚውልበት መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታ የምትኖር ሴት፣ ስድብን እንደ አቧራ ከፊቷ ጠርጋ ወደ ድስቷ ትመለሳለች። ምስጋናው ግን እሾህ ነበረበት።

አንዲት መንገደኛ ልጅ ከበሩ ውጪ ካለው በርሜል ቀድታ ጠጣች። ደግማ ጠጣች። በሻርፗ ጫፍ አፏን ጠረገችና በሩ ላይ ሽንኩርት ወደምትልጠው ሙኒያ ዞር አለች።

"አላህ ይስጥልን እትዬ ሙኒያ። ካሚል እውነቱን ነው፤ ሙኒያ ጋ ስትደርሱ ቤታችሁ እንደ ገባችሁ ቁጠሩት ብሎን ነበር።"

የሙኒያ ቢላዋ ቆመ።

"የቱ ካሚል?"

የቱ እንደሆነማ አውቃዋለች። አንዳንድ ጥያቄ የሚጠየቀው መልሱ ሌላ ቢሆን እያሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙኒያ የባቲ ልጅ ናት። ገና በወጣትነቷ ባሕር ተሻግራ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። ከማዳሟ ቤት የጠፋች ጊዜ፣ እዚያ ሰው አገር፣ በሕይወት ያቆያት የማታውቃቸው ሰዎች ደጃፍ ነው። እዚያ ደግ ሰው በአጥሩ ጥግ ቀዝቃዛ ውሃ ያቆማል፤ ሰቢል ይሉታል። የጠማው ጠጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከየት ነሽ የለ፣ መኖሪያ ፈቃድሽን አሳዪ የለ። በሰፈሩም አንድ ባለ ሱቅ ነበር፣ ሽማግሌ የመናዊ፤ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በፌስታል ከበሩ እጀታ ላይ ያንጠለጥልና እንድትወስደው ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞርላታል። ከዳቦው ይልቅ ሆዷን የነካት ፊቱን ማዞሩ ነው። ስሟን ቢጠይቃት ኖሮ በዚያው ትጠፋ ነበር። ያኔ ለራሷ ቃል ገባች፦ አገሬ ገብቼ ደጃፍ የኖረኝ እንደሆነ ውሃ አቆማለሁ፤ የጠጣውንም አልጠይቅም።

ቃሏን ጠበቀች። በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ ጣሳ በሰንሰለት አስራ አቆመች። ሹፌር ይጠጣል፣ ጎሚስታው ይጠጣል፣ ፍየል ነጂው አፋር ይጠጣል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠጡት ግን ከደጋ የሚመጡት ናቸው፤ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ ልብሳቸውን በፌስታል ያንጠለጠሉ ልጆች። ወዴት እንደሚሄዱ የሎጊያ ድመት እንኳ ያውቃል። ሙኒያም ታውቃለች። ግን አትጠይቅም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ!

ካሚል ደግሞ የአክስቷ ልጅ ነው። ሰመራ ላይ "ዕቃ እነግዳለሁ" የሚል፣ ዕቃውን ግን በዓይኑ ያየ ሰው የሌለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእሱ ዓይነቱ ነው። ውሃውን ባቆመች ሰሞን ከሰመራ በረዶ በባጃጅ መላክ ጀመረ። "እትዬ፣ እኔም ከአጅሩ፣ ከምንዳው ልካፈል" አላት። ሙኒያ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየሰላቱ ዱዓ ታደርግለታለች፤ ቤቷ ሲመጣ የጥብሱ ምርጥ ለእሱ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምታለች፤ በረዶም እንደሚያሳስቅ ግን የነገራት የለም።

አሁን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ቃሏን አፍርሳ ጠየቀች። ልጅቷ ኸሊዳ ትባላለች፤ የስልጤ ልጅ ናት። ከግራሩ ሥር የተቀመጡት ሦስት ወንዶች የመንገድ ጓደኞቿ ናቸው። ካሚል ያገኛቸው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፣ አውቶብሱ ለምሳ ሲቆም።

"ምን አላችሁ?"

"እህቴ ናት አለን። እንደ እናንተ ባዶ እጇን ሄዳ፣ አልፎላት ተመልሳ ሆቴል ከፍታለች፤ ውሃዋን ስትጠጡ ታዩታላችሁ አለን። እዚህ ጠብቁኝ፣ ከአስር ሰላት በኋላ መኪናው ይመጣል ብሏል።" ኸሊዳ ፈገግ አለች። "ወላሂ ፈርተን ነበር። ውሃውን ስናይ ግን ልባችን ረጋ።"

የሙኒያ ደም ፈላ ማለት ያንሳል። በርሜሉን አየችው። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታጠጣ የኖረችው ለዚህ ነው! ለካ ያቺ ጣሳ ወጥመድ ላይ እንደ ተቀመጠ ፍርፋሪ ኖራለች! የሰው ልጅ ክፉ ሲሠራ ክፉ ነገር ፈልጎ ቢሠራበት ምን አለበት? በደግ ነገር ካልሆነ አይሆንለትም?

"አንቺ ሙኒያ" አለ ከጥላው ሥር አንድ ድምፅ።

ፍየሎቹን ሸጦ የተቀመጠው ሁመድ ነው። ሁመድ አፋር ነው፣ ሽማግሌ። ገበያ በወጣ ቁጥር ውሃዋን ይጠጣል፤ ጠጥቶም ዳጉ ይጠብቃል። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ያየውን፣ የሰማውን፣ ዝናቡን፣ ሞቱን፣ የመንገዱን ሁኔታ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግረዋል። ዳጉ የደበቀ ሰው በእነሱ ዘንድ ነፍስ ከነሳ ሰው ብዙ አይሻልም። ሙኒያ ግን ሁልጊዜ "ደህና ነው አባ ሁመድ" ብላ ወደ ማዕድ ቤቷ ትሸሸዋለች።

"ስንት ጊዜ ነገርኩሽ" አለ። "ሰው መጣ፣ ውሃ ጠጣ፣ ዳጉ የለም፣ ሄደ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ግማሹን ሰጠሽ፣ ግማሹን ከለከልሽ።"

"እኔ መንገዱን አላሳየኋቸውም አባ ሁመድ!"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ሄደሽበታል።" በዱላው ወደ ምሥራቅ አመለከተ። "ባሕሩ ዳር ያሉ ዘመዶቻችን ዳጉ ልከዋል። ንፋስ አሸዋውን ሲገልጠው ሰው ይወጣል፤ መልሰው ይቀብራሉ። ማን እንደሆነ አያውቁም። ይኼ ለእኔ ደርሶኛል። ለእነዚህ ልጆች ማን ያድርስ?"

ካሚል የመጣው በዚሁ መካከል ነው። በረዶውን በጆንያ ጠቅልሎ ከባጃጅ ወረደ። ሸሚዙ ነጭ ነው።

"እትዬዋ! ምነው ፊትሽ?"

"እነዚህን ልጆች የት ልትወስዳቸው ነው?"

"እኔ? እኔ ማንንም አልወስድ። መንገደኞች ናቸው። መንገድ መምራት ኸይር ነው። አንቺ ታጠጫለሽ፣ እኔ እመራለሁ፤ አጅሩን ደግሞ አላህ ..."

"አፈር ብላ! የአላህን ስም ከአፍህ አውጣ!"

የጎረቤቱ ጋራዥ መዶሻ ቆመ። ካሚል ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ስሜን ይዘህ አዋሽ ድረስ ትዞራለህ? በእኔ ውሃ? እኔ ዱዓ ሳደርግልህ፣ አንተ ሰው ታጠምድበታለህ?"

"ስምሽን አላጎደፍኩት። አልፎላታል ነው ያልኩት። ባቲ የሚያወራው ይህንኑ አይደል? አንቺስ መቼ ነው አይደለም ብለሽ የምታውቂው?" ፈገግ አለ። "አሁንም አትይም። አውቅሻለሁ እኮ እትዬ።"

እዚህ ላይ አገኛት፣ ይህ ባለጌ። እውነት ነው፣ አይደለም ብላ አታውቅም። ሙኒያ ስትመለስ እናቷ ለጎረቤት "ልጄ አልፎላት መጣች" ብለው ነበር። ሙኒያም እናቷን ማሳፈር አልሆንልሽ ብሏት ዝም አለች። ምግብ ቤቱን ያቆመችው ሰመራ ላይ የሰው ድስት እያጠበች፣ ሹፌር የነበረው ሟች ባሏ እየደጎማት ነው። ባቲ ግን ከጅዳ ያመጣችው ወርቅ ነው ይላል። የእናቷ ክብር በዚያ ወሬ ላይ ነው የቆመው፤ እናቷ ደግሞ አሁንም በሕይወት አሉ።

በረዶው ከጆንያው ውስጥ ይንጠባጠባል። ሙኒያ ካሚልን ትታ ኸሊዳ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ተቀመጠችበት ግራር ሄደች።

"ልጆች! ውሃዬን ጠጥታችኋል። አሁን ዳጉዬን ትሰማላችሁ።"

ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ ሳቁን ዋጠ።

"ይኼ ሰው አልፎላት መጣች ያላችሁ ሴት እኔ ነኝ። ጀልባው ዳር ሳይደርስ ውረዱ አሉን። ዋና የሚያውቅ ወረደ፤ የማያውቀውን ወረወሩት። አጠገቤ የነበረች ልጅ ቀሚሴን ጨብጣ ነበር። ዳር ስወጣ ቀሚሴን የያዘ ማንም የለም። የመን ውስጥ ቤት ዘጉብንና ለእናቶቻችን እየደወሉ ስንጮህ አሰሟቸው። እናቴ በሬዋን ሸጠች። ጅዳ የገባሁበት ቤት ሌሊትና ቀን አልነበረውም፤ ስጠፋ ደግሞ ከድመት ጋር ቆሻሻ ገንዳ ሥር አደርኩ። ከዚያ እስር ቤት። በአውሮፕላን የመለሱኝ አልፎልኝ አይደለም፤ ጠርገው ነው የጣሉኝ! አንዱ እግሬ ላይ ቀይ ሸበጥ፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ። ወርቅ አምጥታለች ያላችሁ ሁሉ፣ ወርቄ ይኸው!"

እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችው። በጋለ ብረት የተተኮሰ ጠባሳ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ወርዷል። የጋራዡ ሰዎች ወጥተው ቆመዋል፤ አንድ የቦቴ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። ጎረቤቷ ባለ ሻይዋ "አለፈላት ስንል!" ብላ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ይህ ወሬ መግሪብ ሳይደርስ ባቲ እንደሚገባ፣ እናቷ ደጅ ድረስ እንደሚሄድ ሙኒያ ታውቃለች። ምን ታድርግ፤ አንዴ ወጥቷል።

ካሚል እያጨበጨበ ሳቀ።

"ሰማችኋት? እሷ ተሻግራ ኖራ መጣች፤ ለእናንተ ሲሆን ገደል ነው። ከእሷ በኋላ ማንም እንዳይሻገር! ምቀኝነት ምን ያደርጋል?"

በዚህ መሐል ሸራ የለበሰ አይሱዙ መጥቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። አንዱ ልጅ ተነሳ። ሁለተኛው ተከተለው። ሙኒያ ሦስተኛውን ክንዱን ይዛ ጎተተችው።

"የት ትሄዳለህ አንተ? አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ" አለ ልጁ፣ ዓይኗን ሳያያት። "ለመሄጃዬ የአባቴ መሬት ተይዟል። ብመለስ ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቆመው?" እጇን ቀስ አድርጎ ከክንዱ ላይ አነሳና ሸራው ሥር ገባ።

ውሸታምን ይሰድቡታል፤ ይህን ምን ይሉታል? ድንጋይ አንስታ የመኪናውን ጎን መታችው፤ ቆርቆሮው ጮኸ እንጂ ምንም አልሆነ። ሁመድ በዱላው ተመርኩዞ መኪናው ፊት ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ በጎኑ ዞሮ አለፈው።

"ኸሊዳ! ነይ እንጂ!" አለ ካሚል ከጋቢናው።

ኸሊዳ ከግራሩ ሥር አልተነሳችም።

"ኸሊዳ!"

አልተነሳችም። ካሚል ትከሻውን ነቅንቆ በሩን ዘጋ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ በጅቡቲ መንገድ ሄደ።

ሙኒያ ቆጠረች። ሦስቱ ሄደዋል፤ አንዷ ግን ቀርታለች። አልሀምዱሊላህ፣ አንዷ ቀርታለች። እናቷም የፈለጉትን ይስሙ፤ ይህች ልጅ ከዳነች ዋጋው ይከፈል። ወደ ግራሩ ሄዳ እጇን ዘረጋችላት።

"ነይ፣ እህቴ። ነይ ወደ ውስጥ እንግባ። ምግብ ብዪ፣ ነገ አዋሽ የሚሄድ መኪና ላይ ..."

ኸሊዳ እጇን አልተቀበለችም። ቀና ብላ ስታያት ዓይኗ ቀልቷል፤ ዕንባ ግን አልነበረበትም።

"እህቴ እዚህ ጠጥታ ነው የሄደችው" አለች።

"ምን?"

"ታላቄ ናት። አምና ረመዳን እንደወጣ። ከዚህ ደወለችልን። እማዬ አትስጊ፣ ሎጊያ ላይ ደግ ሴት በረዶ ውሃ አጠጣችን አለቻት። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማንም። እኔ የወጣሁት እሷን ልፈልግ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ዱዓ ታደርግልሻለች። ለልጄ ውሃ ያጠጣቻትን አላህ ይጠብቃት ትላለች፣ በየሰላቱ! ጀልባውን ታውቂ ነበር። የተዘጋውን ቤት ታውቂ ነበር። እህቴ እዚህ ቆማ ነበር፣ እዚህ! አንድ ቃል ብትነግሪያት ምን ነበረበት?"

ሙኒያ አምና ረመዳን እንደወጣ የመጡትን ለማስታወስ ሞከረች። ሻርፕ መጣላት፣ ፌስታል መጣላት፣ ጣሳዋን የያዘ ብዙ እጅ መጣላት። ፊት አልመጣላትም።

"ስሟ ..." አለች። "ስሟ ማን ነው?"

"አሁን ነው የምትጠይቂው?" አለች ኸሊዳ።