የሲስተር ጵርስቅላ ካሜራ

ያን ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከሲስተር ጵርስቅላ ጋር በስልክ ስንነታረክ ነበር። እሷ እንጦጦ ላይ ካለችው ትንሿ የዓይን ጣቢያችን፣ እኔ ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቢሯችን።

«ልኬዋለሁ እያልኩህ ሚልኬሳ! አራት ጊዜ!»

«አልደረሰማ! የት ገባ ታዲያ፣ ጅብ በላው?»

እንግዲህ እኔ እንዲህ ነኝ። ስጨነቅ አፌ ይከፋል። ቸርች ስንት ጊዜ ተጸልዮልኛል፣ አልለቀቀኝም።

ድርጅታችን የሚሠራው በልጆች ዓይን ላይ ነው። በዓመት አንዴ ከውጭ ሐኪሞች ይመጣሉ። የየጣቢያው ነርስ የልጁን ዓይን ጠብታ ጨምራ ፎቶ ታነሳና በዌብሳይታችን ትልካለች። ከዚያ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ፎቶውን ሰርቨሩ ላይ ይቆርጠዋል፣ ያሳንሰዋል፣ ከልጁ ስም ጋር ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ሰው አይነካውም። ዝርዝሩ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለሐኪሞቹ ደውዬ ለምኛቸው ነበር፤ «ፎቶ የሌለውን ልጅ አናይም» አሉኝ፣ ቁርጥ።

ፎቶዋ የጠፋው ልጅ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ አምናም ዘንድሮም ከእንጦጦ የተመረጠችው እሷ ብቻ ናት። ሰገነት ትባላለች፣ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። አያቷ ጋሽ ሣህሌ ጠዋት ጵርስቅላ ካነሳቻት በኋላ ከእንጦጦ ማርያም ይዘዋት ወረዱ። «ስሟ ሲገባ በዓይኔ ካላየሁ አልሄድም» ብለው ወንበር ላይ ተተከሉ። እውነታቸውን ነው። አምና ግራ ዓይኗ ሊታከም ሲገባ ስሟ ሳይገባ ቀረ፤ ሞራው ከረመበትና ዓይኗ ጠፋ። የቀራት ቀኙ ነው፣ እሱም እየደፈነ ነው። አምና ሲስተር ፎቶውን አልላከችም ብዬ በስብሰባ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

«ፎቶዬ መጣ?» አለች ሰገነት፣ የያዘችውን ብስኩት አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ እያየች።

«እየመጣ ነው የኔ ቆንጆ።»

ዘጠኝ ከሩብ። በስልኬ ግድግዳውን አንስቼ ላክሁ፣ ወዲያው ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ሰርቨሩ ደህና ነው ማለት ነው። ፎቶው ከብዶ ይሆን ብዬ ጵርስቅላን አሳንሰሽ ላኪ አልኳት፤ ጠፋ። በካሜራዋ ጠረጴዛዋን አንስታ እንድትልክ አደረግሁ፤ እሱም ጠፋ።

«ካሜራሽ ነው! ምን አድርገሽዋል?» ብዬ ጮህኩባት።

«ካሜራዬን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው» አለች። ድምጿ ተሰባበረ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ኤዲያ! ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስምንት ደቂቃ በላብን። ጋሽ ሣህሌ የሰገነትን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል። ምነው ቢቆጡኝ አልኩ በሆዴ።

መብራቱ ሲመጣ ጵርስቅላ ፎቶውን በኢሜይል ላከችልኝ። እንግዲህ በእጄ አስገባዋለሁ ብዬ ዝርዝሩ ውስጥ ዶልኩት። ገባ! ሰገነትን «መጣልሽ!» አልኳት። ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ እያየ ብን አለ። ይሄንን የሚያደርግ የኔው ፕሮግራም እንጂ ሌላ ማንም የለም።

ፎቶውን ከፍቼ አፈጠጥኩበት። ጥርት ያለ ነው። ከሥሩ በብርቱካንማ ቁጥር ቀኑ ታትሟል፤ 11/04/2008። ታኅሣሥ አሥራ አንድ። ዛሬ ነው፣ ልክ ነው ብዬ አለፍኩት። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ሦስት ጊዜ አለፍኩት። ከዚያ ሰዓቱን ለማየት ዓይኔን ወደ ኮምፒውተሬ ጥግ ጣል ሳደርግ እዚያ ያለው 21/12/2015 ነው። ክው አልኩ።

«ሲስተር፣ ካሜራው ላይ ቀኑን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ። አሮጌ ስለሆነ ባትሪ ስቀይር ይጠፋል። ሁሌም ካላንደር አይቼ ነው የማስተካክለው።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ሐኪሞቹ ዓመት ያለፈው ፎቶ እንዳይመጣባቸው ጠይቀው ስለነበር፣ ፕሮግራሜ ካሜራው የጻፈውን ቀን እያነበበ አሮጌውን ይጥላል። ለማንም ሳይናገር፣ ድምፁን አጥፍቶ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነበው ለእሱ ይህ ፎቶ ሰገነት ሳትወለድ የተነሳ ነው። የሌሎቹ ጣቢያዎች ካሜራ ከውጭ ተሞልቶ እንደመጣ ነው፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ቀኑን ተጠንቅቃ፣ በምንኖርበት ዘመን የሞላችው ጵርስቅላ ብቻ ናት።

ከፕሮግራሜ ሦስት መስመር አጠፋሁ። ፎቶውን መልሼ ላክሁት፤ አሥር ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ገባ። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ። ሁለት። አልጠፋም።

«ገባች ጋሼ! ይኸው ስሟ!»

«እሰይ! እሰይ! ዓይንህን ይባርክልህ ልጄ!» ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ብድግ ብዬ ያዝኳቸው።

ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ፕሮግራሙ የጣላቸውን ፎቶዎች መዝገብ የከፈትኩት። ባልከፍተው ይሻለኝ ነበር። የዛሬዎቹ ከላይ አሉ። ከሥራቸው የአምናው፣ የታኅሣሥ 2007። «ሰገነት ተክሌ፣ ግራ ዓይን።» አምስት ጊዜ። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ልካው ነበር።

ዝም ልበል? አዎ፣ አሰብኩት። ማንም አያውቅም።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡ» አልኳቸው። «አምና ሲስተር ልካው ነበር። የጣለው የኔ ፕሮግራም ነው። የልጅቷ ዓይን የጠፋው በእኔ ነው።»

እንዲመቱኝ ፈልጌ ነበር። ሰገነትን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቻታለሁ። መንገድ ላይ ስትመጣ ፊቴን አዞርባታለሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ታልፋለች።» ከዚያ ቀና አሉ። «የአንተን ኋላ እንነጋገራለን። አሁን ደውልላት።»

ደወልኩ። ሳይጠራ አነሳችው፤ ፎቶው መግባቱን እንኳ አልነገርኳትም ነበር።

«ሚልኬሳ፣ አሁንም አልገባም? እኔ እኮ አምናም የላክሁት ይመስለኝ ነበር...» እያለቀሰች ነው።

ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

«ሲስተር» አሉ፣ «ሣህሌ ነኝ። እንደምን ዋልሽ?»