ከቆርቆሮው ማዶ የሚጮኸው ጎል

ድንቅነሽን የመታኋት በበር መቀርቀሪያ ብረት ነው። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ግራ ዓይኗን አጠፋው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሰፈሩ ሰው «ተጣሉ» እያለ ስለሚያለሳልሰው ነው። እሷ እጇን አላነሳችብኝም።

አቃቂ፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለታችንም ግሮሰሪ አለን። የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ድንቅነሽ ልጄን ማህሌትን ክርስትና ያነሳች አበልጄ ናት። ባሌ የሞተ ጊዜ አርባው እስኪወጣ ከቤቴ አልተለየችም። አበልጅ ላይ እጅ ማንሳት በእኛ ዘንድ እህት ላይ ከማንሳት ይብሳል።

ነገሩን ያመጣው ቴሌቪዥን ነው። ኳስ የምናሳየው በዲሽ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ተጫዋቹ ያለ ጭንቅላት ይሮጣል፣ ደንበኛ ይሳደባል። እኔ ደግሞ ስድብ አልችልም። ዘአማኑኤል የሚባል የኢንተርኔት ሠራተኛ «ዲሹን ጣይው፣ በኢንተርኔት ይሻልሻል» ሲለኝ ሰማሁትና አስገባሁ። ምስሉ ምን ይወጣለታል! የሜዳው ሣር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ድንቅነሽ መጥታ አይታ «እልልል! እንዲህ ነው እንጂ አቻሜ» ብላ አቀፈችኝ።

በመጀመሪያው እሁድ ጉዱ ወጣ። እኛ ጋ አጥቂው ገና መሃል ሜዳ ላይ ኳስ እየገፋ ሳለ ድንቅነሽ አሁንም በዲሽ ከምታሳይበት ከቆርቆሮው ማዶ «ጎል!» ተባለ። ከደቂቃ በኋላ እውነትም ገባ። ዘአማኑኤል ጋ ደውዬ ብጮህበት፣ በኢንተርኔት የሚመጣው ከዲሹ ትንሽ ይዘገያል አለኝ፤ ቀድሞ መንገር ምን ገደደው? ደንበኞቼ «አቻምየለሽ ቤት የትናንቱን ነው የምናየው» እያሉ ያላግጡ ጀመር። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ድንቅነሽ ተሻገሩ።

በሦስተኛው እሁድ ጠብ ሆነ። የፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ከማዶ «ወይኔ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሳይመታ መሳቱን አወቅን። አንዱ ሳቀ። ሁንዴ የሚባል የብረታ ብረት ሠራተኛ በቢራ ጠርሙስ ግንባሩን ፈነከተው። ከዚያ ወንበሩም ጠረጴዛውም ተነሳ። አንዱ የሌላውን ፊት ከባንኮኒው ጋር ሲያጋጨው ጥርሱ እግሬ ሥር ወደቀ። አዲሱ ቴሌቪዥኔ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ሁሉም ደሙን እየጠረገ ሲወጣ በስባሪው መካከል ብቻዬን ቀረሁ።

ያኔ ነው ቆርቆሮው ሲመታ የሰማሁት። የኢንተርኔት መስመሬ በድንቅነሽ በኩል አልፎ ነው የሚገባው። የበሩን ብረት አንስቼ በጓሮዋ ገባሁ። ደንበኞቿ ጠቡን ሊያዩ ወጥተው ቤቱ ባዶ ነበር። እሷ ወንበር ላይ ቆማ፣ መዶሻ ይዛ፣ መስመሬ ያለበት ጥግ ላይ ትመታለች። ዓይኔ መዶሻውንና መስመሩን ብቻ አየ። ደሜ ፈላ።

«አንቺ! ያጫረስሽብኝ አንሶሽ መስመሬን ልትበጥሺ!»

«አቻሜ፣ ቆይ፣ ስሚኝ…»

አልሰማኋትም። የትከሻዋ አጥንት ሲሰበር ተሰማኝ። ወደቀች። ሁለተኛውን የመታኋት መሬት ላይ ሳለች ነው፤ ለዚህኛው ለራሴ እንኳ የምሰጠው ምክንያት የለኝም። ደሟ ጫማዬን ሲነካው ነው ቀና ያልኩት። ለካ ግድግዳው ላይ የራሷን ፍራሽ በምስማር እየመታች ነበር። ሌላው ፍራሽ ሥሩ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። የደንበኞቿ ጩኸት ወደ እኔ እንዳይሻገር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ዓይን ግን አይለቀምም።

ፖሊስ ሲጠይቃት «ከወንበር ወድቄ ነው» አለች።

በአራተኛው ቀን ማህሌት ካልወሰድሽኝ ብላ አስጨነቀችኝና ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ድንቅነሽ ፊቷ ከተጠቀለለበት ፋሻ ሥር ቀስ ብላ ተናገረች።

«ለፖሊስ የዋሸሁት ልጄን እናት እንዳላሳጣት ነው። ለእሷ ግን አልዋሽም። አንቺው ንገሪያት። ያን ጊዜ ይቅር እልሻለሁ።»

ማህሌት ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የክርስትና እናቷን እጅ ያዘች።

«እማ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ነው የመታት ይላሉ፤ እኔ ስጠጋ ግን ወሬውን ያቋርጣሉ። ማን ነው?»

ድንቅነሽ በቀረላት ዓይን አየችኝ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም፤ ልጄን ነው የፈራሁት።

«ወድቃ ነው» አልኩ።

ድንቅነሽ የማህሌትን እጅ እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።