መስመሩን የተሻገረ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተንደርቤይ ከተማን ጣሪያ ስወጣና ስወርድ ኖሬ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ ጠባብ የተማሪ ወንበር ውስጥ ተወሽቄ በሳይንና በኮሳይን እፈተናለሁ ብሎ ማን አሰበ? ምን ላድርግ፣ ጉልበቴ አለቀ። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ጣሪያ የለም" አለኝ። ኮሌጁ በሕንፃ ንድፍ ክፍል ቦታ ይዞልኛል፤ ዛሬ በሒሳብ ፈተናው ከመቶ ስልሳ ካላመጣሁ ግን ሰኞ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። አንዴ ወድቄያለሁ፣ ሦስተኛ ዕድል የለም።

ያስጠናችኝ ልጄ አይላ ናት። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ከምስማር ይብሳል። ቁርስ ላይ እግሬ አላርፍ ብሎ ጠረጴዛውን ሲነቀንቀው ጮኸችብኝ።

"አባዬ፣ እግርህን ሰብስብ! የፓንኬኩን ሽሮፕ ልትደፋው ነው።"

"ተይኝ፣ ልቤ ተሰቅሏል።"

"በል ሕጉን ንገረኝ።"

"ሳይን ካሬ ሲደመር ኮሳይን ካሬ፣ አንድ።"

"እሱንማ ድመታችንም ታውቀዋለች! የመስመሩን ነው ያልኩህ።"

የመስመሩ ሕግ የመምህራችን የሚስስ ፔልቲየር ነው። ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ ሲሉን፣ በመካከላቸው ከላይ እስከ ታች መስመር እናሰምራለን። የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ ይሠራል፤ መሻገር የለም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ባለፈው ፈተና ሁለቱን ጎን አመሳቅዬ አባዝቼ ዜሮ ተከናነብኩ።

"እኩል መሆናቸውን አረጋግጥ ቢሉህ፣ እኩል ናቸው ብለህ ጀመርክ" አለችኝ አይላ። "ተከሳሹን ዳኛ አድርገህ ሾምከው እኮ!"

ፈተናው ላይ ዘጠኙን ጥያቄ እንደ ምንም ተወጣሁት። አስረኛው አስራ ሁለት ነጥብ ይይዛል፤ እንዲህ ይላል፦

(1 − cos x) / sin x = sin x / (1 + cos x)

መስመሬን አሰመርኩ። ግራውን አየሁ፣ ቀኙን አየሁ፣ ሰዓቱን አየሁ። እጄ ከአእምሮዬ ቀደመ። ለካ ሁለቱን ጎን አመሳቅዬ አባዝቼ 1 − cos² x = sin² x ላይ ደርሻለሁ። የድመታችን እውቀት! ደስ ብሎኝ ቀና ስል መስመሩን አየሁት። ተሻግሬዋለሁ፣ ያውም በእስክሪብቶ። ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። እግሬ ወለሉን ይደበድባል፤ ጎኔ ያለችው ተማሪ ገላመጠችኝ።

የጻፍኩትን ወደ ታች አየሁት፣ ከዚያ ወደ ላይ። በመሰላል የወረደ ሰው በዚያው መሰላል ይወጣ የለ? ታችኛው ማንም የማይክደው እውነት ነው። ከእሱ ብጀምር ማንንም ዳኛ አልሾምኩም። ሌላ ገጽ ገልጬ ከታች ወደ ላይ መልሼ ጻፍኩት፤ ሁለቱንም ጎን በ sin x እና በ 1 + cos x አካፈልኩ። እርከን ሳልፈትሽ መርገጥ አልለመደብኝምና ቆም አልኩ፤ በዜሮ ማካፈል የለም። "ሳይን ዜሮ ካልሆነ" ብዬ ጨመርኩና ሰዓቱ አለቀ።

ሚስስ ፔልቲየር ሌሎቹን ሸኝተው ፊት ለፊቴ ማረም ጀመሩ። ዘጠኙ አርባ ዘጠኝ ሆነ። አስረኛው ላይ እስክሪብቷቸው ቆመ።

"ካሌ፣ ተሻገርክ።"

"ተሻግሬ ተመልሻለሁ፣ ቲቸር። ቀጣዩን ገጽ ይዩልኝ።"

ገለጡት። እያንዳንዱን መስመር በእስክሪብቷቸው ጫፍ እየነኩ አነበቡ። "ሳይን ዜሮ ካልሆነ" የሚለው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይሄን ማን አስተማረህ?"

"እርከን ሳይፈትሽ ረግጦ ከጣሪያ የወደቀ ጓደኛዬ።"

ሳቁ፤ ከዚያ አስራ አንድ ጻፉ። "አንዷን የቀነስኩት የመጀመሪያውን ስላልሰረዝከው ነው።"

"ስንት ሆነልኝ?"

"ራስህ ደምረው! የሒሳብ ተማሪ አይደለህ እንዴ?"

ሁለት ጊዜ በጣቴ ደመርኩት።

አይላ ኮሪደር ላይ ጥፍሯን እየበላች ትጠብቀኛለች።

"ስንት?"

"ስልሳ።"

"ስልሳ ብቻ? መስመር ተሻግረህ ነው አይደል?"

"ተሻግሬ ነው።"

"አውቄው ነበር!" አለችና በቦርሳዋ መታችኝ፤ ወዲያው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል? ቆመን ስንላቀስ እግሬ አርፎ ነበር።